ገና ያልመጣው ዓመት

በእኛ ሰፈር የማንም ቤት ጋዝ ከሸተተ የሚጠራው ጋዝ ሻጩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። የሳሙና አረፋ በኩባያ ይዤ እሄዳለሁ፣ የሲሊንደሩን አንገት እቀባለሁ፣ አረፋው ከተነፋ የላስቲክ ጎሚኒውን እቀይራለሁ፣ ካልተነፋ ደግሞ “የሸተታችሁ የጎረቤት ወጥ ነው” ብዬ እመለሳለሁ። አቃቂ ካሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአንዱ ሃያ ስድስት ዓመት የሲሊንደር መጋዘን ሠርቻለሁ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው የገባሁት። ከዚያ ወዲህ በደንብ ያነበብኩት ነገር ቢኖር ሲሊንደር አንገት ላይ የተቀረጸ ቁጥር ነው። እሱን ግን መብራት በጠፋበት መጋዘን ውስጥም በአውራ ጣቴ ዳብሼ አነበዋለሁ። ሰዉ “አምባው ሲሊንደር” ሲለኝ ስድብ መስሎኝ አያውቅም።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ አቻምየለሽ ትባላለች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋን ስላደከመው ሰላምታዋ ራሱ ጠብ ይመስላል፤ “እንዴት አደርክ አምባው!” ስትል አዲስ ሰው ይደነግጣል። አንድ ልጇ ሮዳስ አስራ ስምንት ዓመቷ ነው። በቁመት ከእናቷ ትከሻ አታልፍም። አክስቷ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ስለምትኖር በየክረምቱ እዚያ እየተላከች ዋና ለመደች። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር ሌላው ልጅ ቢሆን ቤት ተቀምጦ ስልክ ይነካካል፤ እሷ ሐይቁ ላይ ጠላቂ የሚያሠለጥን ቡድን አገኘችና ተመዘገበች። አየር በጀርባው ተሸክሞ ውኃ ውስጥ የሚገባ፣ የሰጠመ ሰው ፈልጎ የሚያወጣ፣ የተያዘ የጀልባ መልሕቅ የሚፈታ ጠላቂ ማለት ነው። አቻምየለሽ ይህን ስትሰማ “ልጄን ለዓሣ ልሰጥ ነው” ብላ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው ቀን ትልቅ ፎጣ ገዝታላት መጣች።

ሠልጣኞቹ አስር ነበሩ። ፈተናውን ካለፉት ውስጥ አራቱ ከመጋቢት ጀምሮ እዚያው ይቀጠራሉ። ሌላ ሥልጠና የሚከፈተው በዓመቱ ነው። ሮዳስ ከአራቱ አንዷ እንደምትሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያላወቀ ቢኖርም እናቷ አንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቷል።

የሮዳስ ችግር ቁመቷ ሆነ። የቡድኑ ሲሊንደሮች በሙሉ ለግብዳ ወንድ የተሠሩ ናቸው። እሷ ጀርባ ላይ ሲታሰር ታችኛው ጫፍ መቀመጫዋን፣ ላይኛው ማጅራቷን ይመታታል። ውኃ ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይገለብጣታል። አሠልጣኟ ጋሽ ጉዲሳ በድሮው የባሕር ኃይል ጠላቂ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁለት ሳምንት ካዩዋት በኋላ፣ “እንደ ኤሊ እየተገለበጥሽ እኮ ነው፣ ልጄ። በዚህ አልፈትንሽም። የሚሆንሽን ሲሊንደር ይዘሽ ከመጣሽ ቅዳሜ ትፈተኛለሽ፣ ካልሆነ ለከርሞ” አሏት።

ረቡዕ ከሥራ ስገባ ሮዳስ ቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ጋሼ፣ ሲሊንደር ልንገዛ ነው። ይመርጡልኛል?”

“ምነው፣ ምግብ ቤት ልትከፍቱ ነው እንዴ?”

“የጠላቂ ነው።”

“ኦክስጅን ነዋ!”

“ኦክስጅን አይደለም። ተራ አየር ነው፣ ተጨምቆ። ጋሽ ጉዲሳ ‘ኦክስጅን’ ያለ ሰው ፑሽ አፕ ያሠራሉ።”

“እንግዲያው እንዳትነግሪብኝ። ወገቤን ያመኛል።” ሳቀች። “ምን ዓይነት ይሁን አሉሽ?”

“አጭር፣ ጀርባዬ ላይ ልክ የሚሆን። ከተፈተሸ ደግሞ አምስት ዓመት ያልሞላው። ካለፈ አየር አይሞሉበትም፤ ብረቱ ደክሞ ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል።”

“ይቺን ለእኔ ተዪያት” አልኩ። “ቁጥር ማንበብ ነው። ሌላ ምን አለው?”

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ሦስታችን ቃሊቲ ቢራ የሚባል ነጋዴ ዘንድ ሄድን። ቢራ የአካባቢው ልጅ ነው፤ አባቱ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። እሱ በጅቡቲ መስመር የሚመጣ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል፤ የመርከብ ገመድ፣ የጀልባ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ መልሕቅ። አዲስ አበባ ውስጥ መልሕቅ ማን እንደሚገዛው እግዜር ይወቅ፣ ግን ይሸጣል።

ሁለት የጠላቂ ሲሊንደር ነበረው። አንዱ አጭር ነው፣ ግራጫ፣ ቀለሙ የተላላጠ። ሌላው ረጅም፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ እንደ አዲስ ባጃጅ የሚያብረቀርቅ።

ሮዳስ ቢጫውን ዞር ብላም አላየችው። ግራጫው ፊት ቁጢጥ አለች፣ ማሰሪያውን በሁለት ትከሻዋ አስገባች፣ በአንድ ትንፋሽ ተነሳች። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች። ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። ጭንቅላቷን ምንም አልነካትም።

“እማ፣ ይሄ ነው!”

“ከበደሽ?” ብላ ጮኸች እናቷ።

“የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው የሚመስለው።”

ልጅቷ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። እኔን ግን ቅር አለኝ፤ ሽማግሌው ሳይናገር ሙሽሪት ብድግ ብላ የሄደች ነው የመሰለኝ። ፈቃድ ወስጄ፣ የብሎን መፍቻ ቺያቬዬን በኪሴ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ።

“አውርጂው እስቲ። መጀመሪያ ይታይ እንጂ።”

አወረደችው። በቺያቬው ጀርባ መታ መታ አደረግሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። አንገቱን በአውራ ጣቴ ዳበስኩ። ከቁጥሮቹ መካከል የፍተሻውን ዓመት አገኘሁት። ደግሜ ዳበስኩ። አላመንኩም፣ መነጽሬን አደረግሁና በዓይኔም አየሁት። 2022 ይላል።

ሳቅሁ። ሰው እንዲሰማኝ አድርጌ ነው የሳቅሁት።

“ቢራ፣ ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?”

“ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ነዋ፣ ጋሽ አምባው።”

“ታዲያ ይሄ ሲሊንደር ከየት መጣ? የተፈተሸው ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ይላል። ገና አራት ዓመት ይቀረዋል እኮ!”

አጠገቡ ያለው፣ ከውሲ የሚባለው ጎማ ሻጭ ከጎማዎቹ መሃል ብቅ አለ። “ቢራ፣ ያልመጣ ዓመት መሸጥ ጀመርክ እንዴ? ለእኔም አንድ አስቀምጥልኝ!” አለ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

“እኔ እንደመጣ ነው ያስቀመጥኩት” አለ ቢራ። “ቁጥሩን አልነካሁም።”

“ማን ነካው ታዲያ? አይጥ?”

“ጋሼ” አለች ሮዳስ ቀስ ብላ፣ “ምናልባት ቁጥሩ…”

“አንቺ ዝም በይ። ይሄ የውኃ ጉዳይ አይደለም፣ የብረት ነው።”

“ትልቅ ሰው ሲናገር!” ብላ እናቷም ጮኸችባት። ሮዳስ ዝም አለች።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። ሰዉ እየሳቀልኝ ነው፣ እጄ ላይ ቺያቬ አለ። “ይሄ ፎርጅድ ነው፣ ቢራ” አልኩት። “ብረት ነግድ፣ ገመድ ነግድ፤ በልጅ ነፍስ ግን አትነግድ።” ቢራ ግራጫውን ሲሊንደር አነሳና ወደ ጓዳ ወስዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው።

ከዚያ ወደ ቢጫው ሄድኩ። ቀለሙ ቁጥሩን ትንሽ ቢሞላውም ለእኔ ጣት አልከበደም። 2014።

“ይኸውላችሁ! ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት። ሦስት ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። ሥርዓት ያለው ዕቃ ማለት ይሄ ነው።”

“ጋሼ፣ ይረዝምብኛል እኮ።”

“ታድጊበታለሽ።”

“አስራ ስምንት ዓመቴ ነው!”

“እኔ እስከ ሃያ ሁለት አድጌያለሁ።”

አቻምየለሽ ለልጇ ዩኒፎርም ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ስትገዛ የኖረች ናት፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። “ልክ ነው፣ ታድጊበታለሽ!” አለች፣ ገዛችው። ባጃጅ ውስጥ ሲሊንደሩን እንደ ሙሽራ መሃል አስቀምጠን ገባን። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ የቢራን ፎርጅድ እንዴት እንደያዝኩ ያልነገርኩት ሰው በሰፈሩ ቢኖር የታመመ ነው። ለታመመውም ልጠይቅ ሄጄ ነግሬዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናትየው ፈረቃ ስለነበረባት ሮዳስን ተከትዬ ቢሾፍቱ የሄድኩት እኔ ነኝ። ማንም ሂድ አላለኝም። ምስጋናውን በአካል ልቀበል ነው የሄድኩት።

ሐይቁ ዳር ሠልጣኞቹ ጥቁር የላስቲክ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል። ጋሽ ጉዲሳ አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸው ነጭ የሆነ፣ ሲናገሩ የማይጮኹ ሰው ናቸው። ቢጫውን አዩ፣ ሮዳስን አዩ፣ እንደገና ቢጫውን አዩ።

“ምርጫሽ ይሄ ነው?”

ሮዳስ ዞር ብላ እኔን አየች።

“ቁመቱን ብዙ አይዩት፤ ፍተሻው አንደኛ ነው” አልኩ ከኋላ፣ ማን ነህ ሳልባል።

ተንበረከኩና በሴንጢ ጫፍ አንገቱ ላይ ያለውን ቢጫ ቀለም ፋቅ ፋቅ አደረጉት። “ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት” አሉ።

“ሦስት ዓመት ተኩል!” አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። “በማን?”

“እንዴት በማን?”

“ይሄ ዕቃ የተሠራው ጣሊያን አገር ነው፣ የተፈተሸውም እዚያው። ጣሊያኖች እንቁጣጣሽ አያከብሩም፣ ወንድሜ። ቁጥሩ በፈረንጅ ነው። ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ማለት በእኛ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። ከተፈተሸ ከዐሥራ አንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ላይ አየር ብሞላ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ።”

ሠልጣኞቹ ሳቁ። ሮዳስ አልሳቀችም።

ፈረንጅ የራሱ ዓመት እንዳለው አላውቅም አይደለም፤ የስልኬ ቀን እንኳ በእሱ ነው። ግን በእኛ ፋብሪካ ሲሊንደሩን የምንፈትሸው እኛው ነን፤ ተፈትሾ ሲያልፍ የምንቀርጽበትም የራሳችንን ዓመት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስዳብስ የኖርኩት መስከረም ላይ የሚገባውን ዓመት ነው። ጣቴ ሌላ ዓመት አያውቅም። ይህን ሳስብ የግራጫው ቁጥር መጣብኝ። 2022 በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 2014 ነው። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው እሱ ነበር። እሷ ጀርባ ላይ ቦርሳ የመሰለው። ፎርጅድ ያልኩት።

“ከየት ነው የገዛችሁት?” አሉ ጋሽ ጉዲሳ።

ዝም ማለት እችል ነበር። እውነቱንም መናገር እችል ነበር፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። “ቃሊቲ ያለ አንድ ሌባ ነው” አልኩ። “አታለለን። ቀለም ቀብቶ ሸጠልን።” አፌ ቀደመኝ አልልም። አስቤ ነው ያልኩት።

“እንደዚህ ያለውን ሰው መጠቆም ነበር” አሉ። “ሰው ያስገድላል።”

ሮዳስ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ እግር ጣቶቿ መለሰች፤ ባዶ እግሯን አሸዋው ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም። ትልቅ ሰው ነኛ።

ጋሽ ጉዲሳ ትከሻዋን ያዝ አደረጉ። “የቀሩትን ነገ እስከ አራት ሰዓት እፈትናለሁ። እስከዚያ ልክሽ የሆነ፣ የፍተሻ ጊዜው ያላለፈ ካገኘሽ ነይ። ካላገኘሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ። አልዋሽሽም።”

ወደ አቃቂ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቢጫውን በጉልበቴ መሃል ይዤው ነበር። ረዳቱ “አባት፣ ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ነው የያዘው” አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ የተጠየቅሁትን ከፈልኩ። ዱከም እስክንደርስ ሮዳስ በመስኮት ታይ ነበር።

“ልነግርዎት ነበር” አለች በመጨረሻ።

“አውቃለሁ።”

“የፈረንጅ ሳይሆን አይቀርም ልል ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ዝም በይ አሉኝ።”

“አውቃለሁ፣ ልጄ።”

ወደ እኔ ዞረች። “ታዲያ ቢራን ለምን ሌባ አሉት?”

ለዚህ “አውቃለሁ” አይሆንም። መልስ ስፈልግ አቃቂ ደረስን።

“አንቺ ቢጫውን ይዘሽ ቤት ሂጂና ዕቃሽን አዘጋጂ” አልኳት። “ግራጫውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።” አብሬዎት ልምጣ አለችኝ። አይሆንም አልኩ። ቢራ ፊት አንገቴን ስደፋ እንድታየኝ አልፈለግሁም፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የቢራ ሱቅ እስክደርስ የምናገረውን በልቤ ስደረድር ነበር። መደርደሬ ከንቱ ሆነ፤ ቢራ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

“ጋሽ አምባው! ኑ፣ ኑ ግቡ! እንዴት እንደምፈልግዎት!” ጉንጬን ሳመኝ። ሱቁ ውስጥ ገመድ ለሚለካ ገበያተኛ አሳየኝ። “እኚህ ናቸው ያልኩህ! ከጉድ ያወጡኝ ሰው!”

“እኔ?”

“ያን ቀን ተናድጄብዎት ነበር፤ አልዋሽም። በሰው ፊት አዋረዱኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን እንቅልፍ አጣሁ። እኔም ሦስት ልጅ አለኝ። ያ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አንዷን ልጅ ውኃ ውስጥ ቢገድልብኝስ? እርስዎ ባያዩት ምን እመልስ ነበር? አርብ ጠዋት ግራይንደር አስመጣሁና ከወገቡ አስቆረጥኩት። ማንም እንዳይገዛው ብዬ።”

“ግራጫውን?”

“እሱን ነዋ። ያውልዎት።”

ደጃፉ ላይ ውሻው ውኃ እየጠጣ ነበር። የሚጠጣበት የግራጫው ሲሊንደር ታችኛው ግማሽ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። በሥራዬ ብዙ የተቆረጠ ሲሊንደር አይቻለሁ፤ ያረጀው ውስጡ ዝገት ነው፣ ቡና ቅሪት ይመስላል። የዚህኛው ውስጥ ከውኃው በታች እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ነቁጥ አልነበረበትም።

“ደግ አደረግሁ?” አለ ቢራ።

“ደግ አደረግህ” አልኩት።

አዎ፣ እንዲህ አልኩት። እጁን ጨብጬ፣ ምርቃት የሚመስል ነገር ተናግሬ ወጣሁ። ማንም አያውቅም። ሮዳስን “ሸጦታል” እላታለሁ፤ ይኸው ነው። አስፋልቱ ጋ ደርሼ ባጃጅ አቆምኩ፣ አንድ እግሬንም አስገባሁ። ከዚያ ነገ አራት ሰዓት ትዝ አለኝ። ልጅቷ ፎጣዋን አጥፋ፣ ቦርሳዋን በር ላይ አድርጋ ነው የምትጠብቀኝ። ምናልባት ቢራ ሌላ ይኖረው ይሆናል፤ ሳልጠይቀው ነው የወጣሁት። ባጃጁን ለቀቅሁት።

“ቢራ፣ እንደዚያ ያለ ሌላ አጭር የለህም?”

“ምን ያደርግልዎታል? ቢጫው አልሆነም?”

“አልሆነም።”

“ምን ሆነ?”

ገበያተኛው ገመዱን ይዞ ቆሟል። ከውሲ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሙዝ ይልጣል። ነገርኳቸው። ቁጥሩ የፈረንጅ እንደሆነ፣ ቢጫው ካለፈበት ዓመታት እንደሆኑት፣ ግራጫው ደህና እንደነበረ፣ ልጅቷ ልትነግረኝ ስትል አፏን እንዳስያዝኳት ነገርኳቸው። ሐይቁ ዳር ሌባ ማለቴንም ነገርኩት።

ቢራ ከገበያተኛው እጅ ገመዱን ተቀብሎ አስቀመጠው።

“ስለዚህ ጥሩ ዕቃ ነበር” አለ።

“ጥሩ ነበር።”

“እኔም አላጭበረበርኩም።”

“አላጭበረበርክም።”

ስልኩን አውጥቶ ዕቃውን ላመጣለት ሹፌር ደወለ። በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ አንዳንዱ ገባኝ። ሰውየው እስከ ፋሲካ ወደ ጅቡቲ አይወርድም፤ ቢወርድም እንደዚያ ያለ ዕቃ በዕድል ነው የሚገኘው። ቢራ ስልኩን ዘጋ። “ቢጫውን መልሱልኝ፤ የከፈላችሁትን እሰጣችኋለሁ። ዕድሜውን ሳላውቅ ነው የሸጥኩት” አለ። ከዚያ ወደ ውሻው አየ። “ይሄንን ግን ምን ላድርገው፣ ጋሽ አምባው?”

ከውሲን ቀና ብዬ አየሁት። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሙዙን ልጦ ይዞት ነበር፣ አልበላውም።

ቤት ስደርስ አቻምየለሽ ከፈረቃ ገብታለች። ሮዳስ እንደገመትኩት ቦርሳዋን በር ላይ አድርጋለች። ባዶ እጄን ስታይ ቆመች። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ይቀላል ያለ ማን እንደሆነ አላውቅም። ስጨርስ አቻምየለሽ ከእኔ ይልቅ ልጇን አየች። ከተጎራበትን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰማኋት።

“እኔም ‘ትልቅ ሰው ሲናገር’ አልኳት” አለች።

ሮዳስ አላለቀሰችም። ብታለቅስ የማደርገው ነበረኝ፤ አይዞሽ እላለሁ፣ ውኃ አቀብላለሁ። ስልኳን አወጣች።

“ጋሽ ጉዲሳ ቢራ ሌባ እንደሆነ ነው የሚያውቁት” አለች። ደወለችላቸውና ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠችኝ።

“ሃሎ?”

“እኔ… ጠዋት ከሮዳስ ጋር የነበርኩት ነኝ። አምባው እባላለሁ።”

“አስታወስኩዎት። ሦስት ዓመት ተኩል።”

“አዎ። ሻጩ ሌባ አይደለም። ያን ሲሊንደር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ትክክለኛው አጠገቡ ነበር። ልጅቷ መርጣው፣ ተሸክማው ቆማ ነበር። ከጀርባዋ ያስወረድኳት እኔ ነኝ። ሻጩ ደግሞ ፎርጅድ ነው ስላልኩት ቆራርጦታል።”

ከወዲያ በኩል የአየር መሙያ ኮምፕሬሰር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሆነ ሰው አጠፋው።

“ሌላ አላገኛችሁም?”

“አላገኘንም።”

“እንግዲያው ቦታዋን ለሌላ መስጠቴ ነው። አዝናለሁ። ትሰማኛለች?”

“እሰማለሁ፣ ጋሼ” አለች ሮዳስ።

“ልክሽ የሆነውን የመረጥሽው ራስሽ ነሽ?”

“ተሸክሜ አይቼው ነው።”

“ዓመቱንስ አይተሽው ነበር?”

“አይቼው ነበር። የፈረንጅ መስሎኝ ነበር።”

“ታዲያ?”

ሮዳስ እኔን አላየችኝም። “ዝም አልኩ” አለች።

ሰውየው ተነፈሱ። “በመጋቢት ለቡድኑ ሲሊንደሮች ይመጣሉ። አንድ በአንድ የሚያያቸው ሰው የለኝም። ነገ ነይና የሲሊንደር መመዝገቢያ ደብተሩን ላሳይሽ። ከሚመጡት አንዱን አጭር ለከርሞ ለራስሽ ታስቀሪያለሽ። ደሞዝ የለውም። ፈተናም አይደለም።”

“እመጣለሁ።”

“አንድ ነገር ግን። ሲሊንደር ላይ ያየሽውን ነገር ማንም ሰው ዝም በይ ቢልሽ፣ እኔም ብሆን፣ ዝም አትይም። ዝም የሚል ሰው ውኃ ውስጥ አላስገባም።”

“እሺ” አለች። ስልኩን ተቀበለችኝና አጠፋችው። ከዚያ ቦርሳዋን ፈታ ፎጣዋንና የላስቲክ ልብሷን አወጣች። ለነገ አያስፈልጓትም። በምትካቸው ደብተርና እስክሪብቶ አስገባች።

እሑድ በማለዳ በሯ ሲከፈት ሰምቼ ወጣሁ። እንዳልተኛሁ የሚያሳብቅ ፊት ነበረኝ መሰለኝ፣ አቻምየለሽ በመስኮት አይታኝ መጋረጃውን መለሰች። ሮዳስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

“ቢያንስ እስከ ሚኒባሱ ልሸኝሽ” አልኩ። “ከፈለግሽም አብሬሽ ልሂድ። ሲሊንደር ስታዪ…”

“አይ፣ ጋሼ” አለች። “ብቻዬን ልሂድ።”

ክፉ ቃል አልነበረም፣ ድምፅዋም ክፉ አልነበረም። የግቢውን በር ቀድሜ ከፈትኩላት። ስታልፍ ቀና ሳትል “እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ፣ መንገድ ላይ መንገድ ለለቀቀላት ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው።